የሁለት ግመሎች ሾርባ

ሌላ አባት ከብቱን ሸጦ ልጁን ሐኪም ያደርጋል፣ መምህር ያደርጋል፣ ምንም ባይሳካለት የሹፌር ረዳት ያደርጋል። የኔ አባት ሁለት ግመሎቻቸውን ሸጠው ወጥ ቤት አደረጉኝ። መሳቅ የፈለገ አንባቢ ይሳቅ፤ አልቀየምም። የገንዳ ውሃ ከተማ ከዳር እስከ ዳር ስቆብኝ የኖርሁ ሰው ነኝ። ብቻ ቆጠብ አድርጎ ይሳቅ፤ ታሪኩ ገና ነው።

ነገሩ በደርግ ዘመን ነው። ጎንደር አጎቴ ዘንድ ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛን ጨረስሁ። ውጤቴ ግን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባኝ ቀርቶ በበሩ በኩል የሚያሳልፈኝ አልሆነም። ሻንጣዬን ይዤ ገንዳ ውሃ ተመለስሁ። በዚያ ዘመን ሥራ የሌለው ጎረምሳ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መታየት አልነበረበትም። ቀበሌው ለስብሰባ ሰው ሲፈልግ፣ ለዘመቻ ሰው ሲፈልግ፣ ለውትድርና ሰው ሲፈልግ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በረንዳ ላይ ነው። እኔም ከበረንዳ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ግመሎቹ በረት ስሸሽ ሰነበትሁ። እንዲህ እያለሁ አጎቴ ወሬ ላከብን። አዲስ አበባ የሆቴል ምግብ አሠራር የሚያስተምር ቤት አለ፤ የጨረሰውን መንግሥት ሥራ ይመድበዋል፤ ችግሩ ክፍያው ነው አለ።

እናቴ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ማማሰያ አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ይህንማ እኔ በነጻ አስተምረው አልነበር ወይ፣ አንድ ቀን ሽንኩርት ላጥልኝ ብዬው እሺ ብሎኝ የማያውቅ ልጅ አሁን ከፍሎ ሊልጥ ነው፣ አለች። እውነቷን ነበር።

አባቴ አያ ሞላ ይባላሉ። ሥራቸው ግመል መንዳት ነው። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገለጉ፣ መኪና በማይደፍረው መንገድ፣ ጨውም ስኳርም ሰሊጥም የሚያመላልሱት በእነዚያ ሁለት እንስት ግመሎች ነበር። ብዙ አይናገሩም። ከግመል ጋር የዋለ ሰው ለምን ብዙ ይናገራል? ወሬውን ሰሙ፣ በማግስቱ ግመሎቹን እየሳቡ ወደ ሐጂ ኢድሪስ ቤት አመሩ። እኔም ተከተልኋቸው።

ሐጂ ኢድሪስ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባለሱቅ፣ ቸር ሰው፣ ግን ሒሳብ ካዩ አላስችል የሚላቸው። ግመሎቹን ከመግዛታቸው በፊት ሊያስጥሉን ሞከሩ። ስጨርስ የማገኘውን ደመወዝ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ግመሎቹ በበጋ የሚያስገቡትን አጠፉ፣ በመኸር የሚያስገቡትን አጠፉ፣ ወደፊት የሚወልዱትን አጠፉ፣ የተወለዱት የሚወልዱትን አጠፉ። የራሳቸው ጣት ሲያልቅ የኔን እጅ ተዋሱ። በመጨረሻ ዲፕሎማዬ በግመሎቹ ልጅ ልጆች ተከብቦ ብቻውን ሲያለቅስ ታየኝ።

"አያ ሞላ፣ ግመል ትወልዳለች" አሉ ሐጂ። "ወረቀት ግን አይወልድም።"

አባቴ ወደኔ አየት አደረጉና፣ "ልጄስ ቢሆን መቼ መካን ሆነ?" አሉ።

ሐጂ ሳቁ፤ ገዙም። ነገር ግን ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ወላሂ ብለው አንድ ቃል ገቡ፦ ይህ ልጅ ሠርቶ የግመሎቹን ዋጋ በመለሰ ቀን፣ ግመሎቹን በገዙበት ዋጋ ለአባቴ ይመልሳሉ። ዋጋው ካልተመለሰ ግመሎቹ የሐጂ ናቸው።

የከፋው ሌላ ነው። ሐጂ ግመል የሚነዳላቸው ሰው ስላልነበረ አባቴን ቀጠሯቸው። አባቴ የገዛ ግመሎቻቸውን ለሰው ይነዱ ጀመር። ግመሎቹ ከጉዞ ሲመለሱ በልማዳቸው ወደ እኛ ግቢ ይታጠፋሉ፤ አባቴ ገመዳቸውን ሳብ አድርገው ወደ ሐጂ በር ያዞሯቸዋል። ይህን በዓይኔ አይቼ ነው ወደ አዲስ አበባ የተሳፈርሁት። ያ ገመድ ሲሳብ ያየሁት ነገር ትምህርቴን እስክጨርስ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ያንገበግበኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነጭ ካፖርትና ረጅም ነጭ ቆብ አለበሱን። ቢላ እንዴት እንደሚያዝ ስንማር ብዙ ሰነበትን። እኔ የተማርሁትን ሁሉ በግመል መለካት ጀመርሁ። በወተትና በዱቄት የሚሠራውን ነጭ ማባያ ዱቄቱ ሳይጓጉል መሥራት ስንማር፣ ይህ የታናሿን ጆሮ አያክልም ብዬ ተናደድሁ። ኬክ ማስጌጥ ስንማር የታላቂቱ የፊት እግር ሄደ። ቲማቲም ልጦ የጽጌረዳ አበባ ማስመሰልን በተማርንበት ቀን ደግሞ ሻኛዋ ሲቆረስ የተሰማኝ መሰለኝ። ከሁሉ ሁለት ነገር ግን በልቤ ቀረ። አንደኛው የጠራ ሾርባ ነው፤ አጥንቱ በቀስታ ውሎ፣ ስቡ ተገፎ፣ በነጠላ ጨርቅ ተጣርቶ፣ ሳህኑ ታች ያለው የአበባ ሥዕል ፍንትው ብሎ ካልታየ መምህራችን ይደፋው ነበር። ሁለተኛው የእንግዳ እጅ መታጠቢያ ነው፤ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ፣ ላዩ ላይ አንድ ክብ ሎሚ። ለአንድ ሳህን ለብ ያለ ውሃ ስንት የግመል ጸጉር እንደወጣ ማሰብ ራሱ አደከመኝ።

ስጨርስ ምደባ ወጣ። ጓደኞቼ አንዱ ሐይቅ ዳር፣ አንዱ ወደብ፣ አንዱ መሀል ከተማ ባለ ፎቅ ሆቴል ደረሳቸው። እኔ በሽንፋ በኩል ያለ የመንግሥት ሰሊጥ እርሻ ደረሰኝ። መዳቢው የትውልድ አካባቢህ ስለሆነ ደስ ሊልህ ይገባል አለኝ። ደስ እንዳለኝ ነግሬው ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍሁ።

እርሻው ላይ የማበላው ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱትን የወቅት ሠራተኞች ነው፤ በእኛ አገር ሳሉግ እንላቸዋለን። ጓድ ሥራ አስኪያጁ ከመሬት አንስቶ አስረዳኝ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ በደረሰበት ሰሞን ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ሳሉጉ ደግሞ ምግቡ ካልጣመው ማጭዱን አንግቶ ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳል። ስለዚህ ሳሉግ በምግብ ምክንያት ቢሸሽ የመጀመሪያው ተባራሪ አንተ ነህ፤ ዕቅዱ ከተሳካ ግን ማበረታቻ አለ፣ አለኝ። እኔ ማበረታቻ የሚለውን ቃል ስሰማ ሁለት ግመሎች ወደ ግቢያችን ሲታጠፉ ታዩኝ።

ከኔ በፊት ካምፑ የሚበላው የማሽላ እንጀራ በወይካ ነበር። ወይካ ደርቆ የተፈጨ ባሚያ ነው፤ ሲበላ እንደ ክር ይሳባል፣ ሆድ ግን ይይዛል። እኔ ታዲያ የሁለት ግመል ሰው ሆኜ ወይካ ልሥራ? መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ዋናው ምግብ ብዬ ወሰንሁ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የየራሱ ሥጋ ስላለው ሁለት ድስት ለይቼ ጣድሁ። አጥንቱን አፈላሁ፣ ስቡን ገፈፍሁ፣ አጣራሁ፣ ደግሜ አጣራሁ። በቆርቆሮ ሳህኖቹ ታች የተሳለችው ቀይ አበባ ቁልጭ ብላ እስክትታይ አጠራሁት። መምህሬ ቢያየው ያለቅስ ነበር።

ከማሳ ሲመለሱ ቆቤን ደፍቼ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሳህን አስቀመጥሁ። አሁን እንግዲህ የአገሩን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ካምፕ ውስጥ ውሃ በቦቴ ከወንዝ ስለሚመጣ በማንቆርቆሪያ የሚያስታጥብ የለም፤ ከምግብ በፊት አንድ ሳፋ ውሃ ይዞራል፣ ሁሉም እጁን እየነከረ ያሳልፋል። የመጨረሻው ሰው የሚታጠበው በውሃ ሳይሆን በሌላው ሰው የማሳ ጭቃ ነው። እነዚህ ሰዎች ለየራሳቸው፣ ጥርት ያለ፣ ደግሞም ሞቅ ያለ ውሃ ሲቀርብላቸው ምን ያስቡ?

ታጠቡ። ሁሉም በአንድ ላይ፣ እስከ ክርናቸው ታጠቡ። አንዳንዱ ፊቱንም ደገመ። የጎጃሞቹ አለቃ ይርዳው የሚባል ረጅም ሰው ነበር፤ እጁን እያሻሸ፣ ሳሙናም አለበት መሰለኝ፣ ይጣበቃል፣ አለ። እኔ ጭልፋዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የጠዋቱ ድካሜ ሁሉ በክርናቸው ሲንጠባጠብ አየሁ። ይርዳው ተነሥቶ እጅ ነሣኝ።

"ወንድማለም፣ መንግሥት እንዲህ አክብሮን አያውቅም" አለኝ። "በል እንግዲህ ምግቡን አቅርበው።"

ከዚያ በኋላ ስሜ የእጅ ውሃ ሆነ። የእጅ ውሃ መጣ፣ የእጅ ውሃ ሄደ። ልብ ያለው ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃው ነበር። እኔ ግን በማግስቱ ዋናው ምግብ ላይ የቲማቲም ጽጌረዳ አስቀመጥሁ፤ ለአንድ ገበታ አንድ። ጨዋ ሰዎች ናቸውና ያማረውን ነገር ቀድሞ የሚያነሣ ጠፋ። አንዱ ለጓደኛው አጎርሳለሁ ሲል ጓደኛው በእናትህ አንተ ብላው ይላል፤ የጎጃሞቹ ገበታ ለወሎዎቹ ላከ፣ የወሎዎቹ ገበታ አክብሮቱን ከነ ጭማሪው መለሰ። ጽጌረዳዎቹ ካምፑን ሙሉ ዞረው እየተጨማደዱ ወደኔ ተመለሱ። በዚህ መካከል ወጡ ቀዝቅዞ፣ የምሳ ሰዓት አልቆ፣ ግማሹ ሰው ሳይጠግብ ወደ ማሳ ገባ።

ቀጥሎ ስለሠራሁት ነጭ ማባያ አልናገርም። ከወሎ የመጣ አንድ ሽማግሌ ይህ ለግድግዳ ነው ወይስ ለሰው ብሎ በትሕትና እንደጠየቀኝ ብቻ ይታወቅልኝ።

ሳሉጎቹ ጓዛቸውን መሸከፍ ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና ከገንዳ ውሃ ሌላ ወጥ ሠሪ እንደሚያስመጣ ነገረኝ። በዚያው ሰሞን አባቴ የሐጂን ጨው ጭነው ካምፑ ደረሱ። ጨውን ሲያራግፉ ሳሉጎቹ የእጅ ውሃ እያሉ ሲጠሩኝ ሰሙ። ሊሄዱ ሲሉ፣ ተደላድለሃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኋቸው። ግመሎቹን አስነሥተው ሄዱ። ታላቂቱ ዞር ብላ አየችኝ፤ ያን ቀን ከግመል አፈርሁ።

ሌላዋ ወጥ ሠሪ ከመምጣቷ በፊት ወባ ገባ።

ቆላን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዛሬ ሁለት ሰው፣ ነገ አንድ ድንኳን፣ ከነገ ወዲያ መንገዱ ዳር ሁሉ ሰው ተጋድሞ ይንቀጠቀጣል። ሰሊጡ ደግሞ ያንጊዜ ቢጫ ሆኖ አፉን ሊከፍት ደርሷል። ጤና ረዳቱ ኪኒን ነበረው፤ ነገር ግን ኪኒኑ ባዶ ሆድ ላይ አይረጋም፣ ወዲያው ይመለሳል። የታመሙት የማሽላ እንጀራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ወይካ ሲሸታቸው ያስመልሳቸዋል። ጤና ረዳቱ መጥቶ ሆዳቸው የሚቀበለው ነገር ካላገኘህልኝ መድኃኒቴን መሬት እያጠጣሁ ነው አለኝ።

ያን ጊዜ የመምህሬ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ስቡን ግፈፍ፣ አጥራው፣ ለታመመ ሰው ሆድ የሚከብድ ነገር አታስቀርበት። ሁለቱን ድስቶች ጣድሁ። አጣራሁ፣ ጨው አደረግሁበት፣ ሎሚ ጨመቅሁበት። ለረቡዕና ለዓርብ ጿሚዎች በአትክልት ሠራሁ። የመጀመሪያውን ሳህን ይዤ ይርዳው ወደተጋደመበት ሄድሁ። ዓይኑን ገለጠ፣ ሳህኑን አየ፣ ታች ያለችውን አበባ አየ። ከዚያ እየተንቀጠቀጠ ሁለት እጁን ሊነክር ዘረጋ።

እጁን ያዝሁት። "ዛሬስ አትታጠበውም" አልሁት። "ጠጣው።"

ጠጣው። ቆየን፤ አልተመለሰም። ኪኒኑን ዋጠ፤ አልተመለሰም። ጤና ረዳቱ ይርዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሌላ ሳህን አምጣ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማረፍ የለም፤ ከድስት ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ ድስት ስሮጥ ቆቤ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ቀና ማለት ጀመሩ። ይርዳው ማጭዱን አንሥቶ ማሳ ሲገባ ጉልበቱ ይብረከረክ ነበር፤ ግን ገባ፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ጤነኞቹ መታመም ጀመሩ። በቀትር ሐሩር ከነ ማጭዳቸው እየመጡ ብርድ ብርድ አለኝ ይላሉ፤ ጤና ረዳቱ ግንባራቸውን ሲዳስስ ምንም የለም፤ ኪኒን ሲሰጣቸው ኪኒኑ ይቅር፣ የእጅ ውሃ ነው ያማረን ይላሉ። ለሁሉም ማዳረስ ሆነ። ወሬው ወጣና ከሌላ እርሻ የሸሹ ሳሉጎች የእጅ ውሃ የሚሰጥበት ካምፕ የትኛው ነው እያሉ መጡ። ሰሊጡ ሳይረግፍ ታጨደ፣ በነዶ በነዶ ቆመ። በመዝጊያው ስብሰባ ከወረዳ የመጣው ጓድ ድሉ የተገኘው በትክክለኛው አመራር መሆኑን ረዘም አድርጎ አስረዳ፤ ሰዉ በትዕግሥት ሰማው። ጓድ ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ የእጅ ውሃ የሚለውን ስም ሲጠራ ግን ዳሱ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። እኔም ቆሜ ለራሴ አጨበጨብሁ። ለምን አላጨበጭብ? ደስ ብሎኛል።

ማበረታቻው ተሰጠኝ፤ የካምፖቹ ሁሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ሆኜም ደመወዜ ከፍ አለ። ከራሴ ሆድ እየቀነስሁ አጠራቀምሁ፤ ሌላውን እያበሉ ራስን ማስራብ ይቻላል፣ ሞክሬዋለሁ። በሁለተኛው መኸር ማብቂያ የግመሎቹ ዋጋ ሞላ። አባቴንና ሐጂ ኢድሪስን ካምፑ ድረስ ለምሳ ጠራኋቸው። ሁለቱንም ግመሎች እየነዱ መጡ፤ ታላቂቱ ሐጂ ቤት የወለደቻት ግልገል እናቷን ተከትላ መጣች።

ገንዘቡን ለሐጂ ሰጠሁ። ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከትተው የሁለቱን ግመሎች ገመድ ለአባቴ አስጨበጡ። ቃላቸውን ጠበቁ። ሒሳባቸውን ግን አልተዉም፤ ገና ጥላ ሥር አረፍ ከማለታቸው ጣታቸው መታጠፍ ጀመረ።

"አያ ሞላ፣ ዋጋው ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ግን ግመሎቹ በእነዚህ ዓመታት የጫኑት አለ፣ ግልገሏም አለች። የትምህርት ቤቱ ትርፍ የታለ?"

አባቴ የያዙትን ገመድ ዝቅ ብለው አዩ። እኔ ሮጬ ወደ ወጥ ቤቴ ገባሁ። ለአባቴ በአንዱ ድስት፣ ለሐጂ ደግሞ ሙስሊም ያረደውን በሌላ ድስት ሠርቼ ነበር። የዚያን ቀን እንግዶቼን በተማርሁት ወግ ላስተናግድ ብዬ መጀመሪያ እጅ መታጠቢያውን አቀረብሁ፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ላዩ ላይ አንድ ክብ ሎሚ፣ ታች ቀይ አበባ። አቅርቤ ሾርባውን ላመጣ ዞር አልሁ።

ስመለስ አባቴ ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው እየጠጡ ነበር።

እስኪጨርሱ ቆምሁ። ሎሚዋን መጠጧት። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ፣ ሳህኑን በቀስታ አስቀመጡ፣ ጢማቸውን ጠረጉ። በዕድሜዬ እንደዚያ ኮርተው አይቻቸው አላውቅም።

"ሐጂ" አሉ፣ "ትርፉ ይኸውላችሁ።"

ሐጂ ኢድሪስ የራሳቸውን ሳህን አዩ። ውሃ መሆኑን አውቀዋል፤ ያን ያህል ዓመት ሱቅ የያዘ ሰው ውሃ አይጠፋውም። እኔን አዩኝ፤ ገና ይዤው የመጣሁትን የሾርባ ድስት አዩ። ቀጥለው የአባቴን ፊት አዩ፤ እዚያ ላይ ብዙ ቆዩ። ቢስሚላህ አሉና ሳህኑን አንሥተው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጡት።

"ወላሂ፣ አያ ሞላ፣ ይህን አላሰብሁትም ነበር" አሉ። "ተሸነፍሁ። ግልገሏም ከእናቷ አትለይ፣ ይውሰዷት።"

አባቴ ተነሥተው ሐጂን አቀፉ። እኔ እንባዬ እንዳይታይ አጎንብሼ ሾርባውን ቀዳሁ፤ ያን ዕለት ከሠራኋቸው ሁሉ የላቀውን፣ የጠራውን፣ ለአባቴ ብዬ ሌሊቱን ያሰብሁትን ሾርባ። አባቴ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉለት፣ አጣጣሙት፣ ሐጂ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ይኸኛው ደህና ነው፣ ልጄ" አሉኝ፤ "የፊተኛው ግን ይበልጣል።"